ፍጥነት ከጉልበት አይመጣም፤ ማነቆውን ፈልጉ

ኤሌክትሪክ ጊታር የጀመረ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን «እንዴት ነው እንዲህ የሚፈጥኑት?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ባለሁበት ለሚ ጊታር የሚያስተምር ሰው ማግኘት ቀላል ስላልሆነ መልሱን የምንፈልገው ከስልካችን ነው። ስልኩ ደግሞ «በዝግታ ጀምር፣ ሜትሮኖሙን ቀስ በቀስ ጨምር» ይለናል። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። እሱን ብቻ ይዞ ወራት የለፋ ሰው «የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ጊታሩን ይሰቅላል።

አልተርኔት ፒኪንግ ማለት ፒኩን አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ እያፈራረቁ መምታት ነው። አንድ ክር ላይ ብቻ ሞክሩት፤ ብዙዎቻችሁ ከገመታችሁት በላይ ትፈጥናላችሁ። እጅ የሚደናቀፈው ክር ሲሻገር ነው። በኢኮኖሚክስ ይሄ ማነቆ ይባላል። ለሚ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተማ ሆናለችና ምሳሌው ቅርብ ነው፦ ድንጋይ መፍጫው የቱንም ያህል ቢፈጥን ማሸጊያው ካልደረሰበት የሚወጣው ከረጢት አይጨምርም።

ፒኩ ሁለት ክሮች መካከል ገብቶ ከቀረ ለመሻገር መዝለል አለበት፤ ጊዜው የሚባክነው እዚያ ነው። በጣታችሁ የያዛችሁትን ወገን ትንሽ ወደ ወለሉ ብታዘነብሉት ግን ወደ ታች ሲመታ ወደ ጊታሩ ይገባል፣ ወደ ላይ ሲመታ ከክሮቹ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በየክሩ የመጨረሻው ምት ወደ ላይ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ቅኝታችን ይጠቅመናል። ባለ ሰባት ድምፁ የፈረንጆች ስኬል ብዙ ጊዜ በየክሩ ሦስት ሦስት ድምፅ ስለሚሆን መውጫው አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ ይሆናል። ባለ አምስት ድምፁ ትዝታ ግን በየክሩ ሁለት ሁለት ይደርሳል፦ ታች፣ ላይ፣ ተሻገር። ቅኝትን በኤሌክትሪክ ጊታር መጫወትም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰላም ስዩም በኢቤክስና በሮሃ ባንድ ሲያደርገው ኖሯል።

ትዝታ ሜጀር በሲ እንዲህ ነው። ወፍራሙ 6ኛ ክር ላይ 5ኛና 8ኛ ፍሬት፤ 5ኛ፣ 4ኛና 3ኛ ክሮች ላይ 5ኛና 7ኛ፤ 2ኛና 1ኛ ክሮች ላይ 5ኛና 8ኛ። መጀመሪያ ሁለት ክር ብቻ ያዙ። አራቱን ድምፅ በፍጥነት ተጫወቱና እረፉ፣ ድገሙ። ከለመደ በኋላ ሦስተኛውን ክር ጨምሩ።

መብራት ቢጠፋም ልምምድ አይቀርም። ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ ሲያንስ እጅ አጥብቆ መምታት ይፈልጋል፤ አትፍቀዱለት። የጊታሩን ራስ ከእንጨት በር ጋር አስነኩት፣ ድምፁ ጎላ ይላል። የእጅ አንጓችሁን ካመማችሁ ደግሞ በቃ፣ አቁሙ።

በምት አራት ድምፅ ስትጫወቱ ሜትሮኖሙ 60 ላይ በሰከንድ 4፣ 120 ላይ ደግሞ 8 ድምፅ ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ቦታ አልነቃነቅ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። የትኛው መሻገሪያ ላይ እንደቆመ ፈልጉና እሱን ብቻ ሥሩት።