ሐይቅ ላይ ክፍል ተገኘ? ከስንት ጋር?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ፣ ለጎብኚ ውሃዋንና ጥንታዊውን የእስጢፋኖስ ገዳም ታሳያለች። ቤት ፈላጊን የሚቀበለው ግን ደላላ ነው።

ገበያው ላይ ያለው ዕቃ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። በባለቤቱ ግቢ ውስጥ በመደዳ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ወይም የብሎኬት ሰርቪስ ክፍል፣ መጸዳጃው የጋራ። ደላላው «ሊሾ ነው፣ ኮርኒስም አለው» ብሎ ስለ ውሃው ዝም ካለ መጠየቅ ይበጃል። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነም ሂሳቡ በሰው ነው ወይስ በአምፖል የሚለው አስቀድሞ ይለይ። በርካታ ጠብ የሚነሳው ከኪራዩ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ፈላጊው ብዙ ነው። ተመድቦ የመጣ መምህርና የጤና ባለሙያ አለ። ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ የሚይዙ፣ ስንቃቸውን ከቤት የሚያመላልሱ ተማሪዎች አሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው በጃሪና በቱርክ ካምፕ የተጠለሉ ወገኖችም ወደ አካባቢው መጥተዋል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ ደግሞ ነዋሪው ራሱ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገፋው ተማሪው ነው፤ ክፍሉን ሲያጣ የሚያጣው ትምህርቱን ነው።

«ደሴ እየሠራሁ ሐይቅ ብከራይ ይረክስልኛል» የሚል አለ። ሂሳቡን እንሥራው። 26 የሥራ ቀን ደርሶ መልስ 52 ጉዞ ነው። ለምሳሌ አንዱ ጉዞ 50 ብር ቢሆን በወር 2,600 ብር መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የሁለቱ ከተሞች የኪራይ ልዩነት ከዚህ ካልበለጠ ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

ሕጉስ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩትም በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራይ ተደሰተ፣ ለኪራይ ብሎ የሚገነባ ግን ጠፋ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320 ለስለስ ያለ ነው፤ ቤቱን አይወርስም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። የስድስት ወር ቀብድ መጠየቅ ለለመደ አከራይ ይህ መራራ ነው።

አከራዩንም ብቻውን መኮነን አይገባም። እንደ ሐይቅ ባለ ከተማ አከራይ ሲባል ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል አከራይታ የምትኖር እናት ናት። ቀብዱን የምትፈልገው ቆርቆሮ ልትቀይርበት ነው። ባንክ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በቀላሉ አያበድርም።

ገንዘብ ያለው ባለሀብት ግን ዓይኑን ሐይቁ ዳር ሎጅ ላይ ብቻ ባያደርግ እንላለን። የየራሱ ቆጣሪና ቧንቧ ያለው አሥር ክፍል ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ ቢሠራ፣ በር የሚያንኳኳው ተከራይ ደላላ እስኪያመጣው አይጠብቅም።