በነባር ድመቶች ቤት አዲስ ድመት ስለ ማስገባት

ድመት የሌለው ቤት እህሉን ለአይጥ እንደ ተወ ይቈጠራል። ስለዚህ በአገራችን ከትልቁ አዳራሽ ጀምሮ እስከ ትንሹ ጎጆ ድረስ ድመት የሚያሳድግ ቤት ብዙ ነው። አንዲት ድመት ማሳደግም ማንንም አያስቸግርም፤ ነባሮች ባሉበት ቤት አዲስ ጨምሮ በሰላም ማኖር ግን ትዕግሥትና ዘዴ ይፈልጋል። እኛ ይህን የተማርነው በስሕተታችን ስለ ሆነ፥ ሌላው ሰው እንዳይሳሳት በማለት ነገሩን ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሳጠሩት በሐረር ጀጎል ውስጥ፥ በኪራይ በያዝነው የጥንት ቤት ሦስት ድመቶች ነበሩን። በግድግዳ የምንዋሰናቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በታመሙ ጊዜ እኛንና ባለቤታችንን አስጠርተው፥ «ልጆቼ፥ ከእኔ በኋላ ይህችን ድመት አደራ፤ በጎዳና እንዳትወድቅ» አሉን። እኛም አደራውን ተቀበልን። ጎረቤታችንም ባረፉ ጊዜ፥ ከቀብር መልስ ድመቲቱን በቅርጫት አምጥተን፥ ሦስቱ ነባሮች በሚበሉበት ሰዓት ይተዋወቁ ብለን በመካከላቸው ለቀቅናት። ወዲያው ታላቁ ወንድ ድመት ጠጕሩን አቁሞ ዘለለባት። እርሷም ሊይዟት የሞከሩትን የባለቤታችንን እጅ ቧጥራ፥ በግቢው ግንብ ላይ ተሻግራ ጠፋች።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የጀጎል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሌሊት ጅቦች በቅጥሩ ቀዳዳ እየገቡ በጠባቦቹ መንገዶች ይመላለሳሉና። መብራት ይዘን ብንፈልጋት አጣናት። በሦስተኛው ቀን ጧት ግን በሟቿ እመቤቷ ደጅ፥ በተዘጋው በር ፊት ተቀምጣ አገኘናት። ይህን ባየን ጊዜ ከኀዘንና ከኀፍረት የተነሣ ለመናገር ቃል አጣን። አደራ በላ መባል ክፉ ስም ነውና።

ወደ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደን ምክር በጠየቅን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልን። የቤት ድመት የመጣችው ብቻዋን ከምታድን የዱር ድመት ነው። ከሰው ጋራ የኖረችበት ዘመን ረዥም ቢሆንም፥ እንዲያውም በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት ቢገኝም፥ የጥንት ጠባይዋን አልተወችም። የምትኖርበትን ስፍራ እንደ ርስቷ ትቈጥረዋለች፤ ጕንጯን በዕቃና በግድግዳ እያሻሸች በሽታዋ ድንበር ታበጃለች። እንግዲህ ሽታዋ ያልታወቀ ድመት በድንገት ስትመጣ፥ በሰው ርስት ላይ ያለ ማስረጃ እንደ ገባ ሰው ትታያለች። ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የታላቁ ድመት አልነበረም።

መድኀኒቱም በቤታችን ውስጥ ተሠርቶ ኖሮአል። በጥንቱ የሐረር ቤት ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ቀድሞ አዲስ ተጋቢዎች ሰባት ቀን በዚያ ሲሰነብቱ፥ ምግባቸው በትንሽ ቀዳዳ ይቀርብላቸው ነበር። እኛም አዲሲቱን ድመት እንደ ሙሽራ በዚያች ክፍል አሰነበትናት፤ ምግብ፥ ውኃ፥ የአሸዋ ሳጥንና የቀድሞ እመቤቷን ነጠላ አስገባንላት። ከእርሷም ጋራ በቀን ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር።

ከሰባት ቀን በኋላ ጕንጯን በንጹሕ ጨርቅ እያሸን ጨርቁን በነባሮቹ ምግብ አጠገብ አኖርነው፤ የእነርሱንም ሽታ እንዲሁ ወደ እርሷ አስገባን። ጨርቁን አሽትተው ሲቈጡ አራቅነው፥ ዝም ሲሉ አቀረብነው። ቀጥሎም ከጊዲር መጋላ የተገዛ ሥጋ በተዘጋው በር በግራና በቀኝ አቀረብንላቸው። ከዚያም ነባሮቹን በግቢ አስቀርተን እርሷ አዳራሹን እንድታይ ለቀቅናት። በኋላም በወንፊት ሽቦ በኩል ተያዩ። በመጨረሻ እኛ ባለንበት፥ ምግብ ይዘን፥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አገናኘናቸው፤ ጠብም ሳይነሣ ለየናቸው።

ጆሮዋን አጣጥፋ ዓይኗን ሳትነቅል የምታይ ድመት ልትጣላ ነው። በዚህ ጊዜ እጅን በመካከል ማግባት አደጋ ነው፤ ሰሌዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ መጋረድ ይገባል። መምታትም ፍርሀትን ይጨምራል እንጂ አያስታርቅም። ከተጣሉ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ነው።

ደግሞ አራት ድመት ላለበት ቤት አምስት የአሸዋ ሳጥን በየቦታው ማኖርና የምግቡን ሳሕን ማራራቅ ይጠቅማል። ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው የአዳራሹ ነደባ ለዚህ የተመቸ ሆነልን፤ እያንዳንዱ የራሱን መቀመጫ መረጠ። ወንዱን ማኰላሸትም ጠቡን ያበርዳል።

ከሁሉ በፊት ግን አዲሷ ድመት በሐኪም ትታይ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ትከተብ። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጠረችው ሰው ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። የባለቤታችንም እጅ የዳነው እንዲሁ በጊዜ በመታከሙ ነው።

ይህ ሁሉ ሰባት ሳምንት ወሰደብን፤ በሌላው ቤት ወራት ሊፈጅ ይችላል። አሁን አራቱም በአንድ አዳራሽ ያድራሉ። ታላቁ ድመት በላይኛው ነደባ፥ እርሷም በታችኛው ላይ በእመቤቷ ነጠላ ትተኛለች። ተቃቅፈው አይተኙም፤ ሲተላለፉ ግን አንዱ ለአንዱ መንገድ ይለቃል። እኛም ከዚህ የበለጠ አንጠይቅም፤ አደራችን ተጠብቆአልና። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ አዲስ ድመት የሚያስገባ ሁሉ በሩን ከመክፈቱ በፊት ጊዜውን ያዘጋጅ።