የትምህርት መሣሪያ ንግድና የመምህራን ሥልጠና

ዕቃ ቀረጡ ተከፍሎበት ከገዢው እጅ ሲገባ ንግዱ የተፈጸመ ይመስላል። በጨርቅና በጨው ረገድ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለትምህርት ቤት በሚሸጥ መሣሪያ ረገድ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ኮምፒዩተርም ሆነ ፕሮጀክተር ለዋጋው የሚመጥን ጥቅም የሚሰጠው መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት ያለ ፍርሃት ሲያዝበት ነው።

ለዚህ ጉዳይ በኢትዮጵያ የታየው ትልቁ ምሳሌ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ነው። የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን የመሳሰሉትን ያጠቃልል ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ ሙከራውን በዓይኑ እንዲያይ መታሰቡ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስርጭቱ ስለሚወስደው ለመምህሩ የሚተርፈው ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ ስርጭቱ አይቆምለትም፤ መብራት ቢጠፋም የዕለቱ ትምህርት ያልፋል። የማስተማር ሙያ ያለው ሰው በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ለልጆች የተሠሩ አነስተኛ ላፕቶፖች ለጥቂት ትምህርት ቤቶች በታደሉ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ልጆቹ መሣሪያውን ፈጥነው ሲለምዱት፣ ከትምህርቱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በቂ ሥልጠና ያላገኘው መምህር ግን እንደ መጫወቻ ቆጠረው።

ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ሥልጠና ከዕቃው ተለይቶ የሚታይ ነገር አለመሆኑ ነው። ሥልጠና ሲባል ግን መምህራንን አንድ ቀን በአዳራሽ ሰብስቦ ስለ መሣሪያው መናገር አይደለም። ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር በዚያው ሳምንት የሚያስተምረውን ምዕራፍ ይዞ፣ በራሱ ክፍልና በራሱ መሣሪያ ቢለማመድ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ወይም ሦስት መምህራን አብረው ቢሠለጥኑ አንዱ ቢዛወር እንኳ ዕውቀቱ አብሮት አይሄድም። አሠልጣኙም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ያስቸገራቸውን ቢጠይቅ በመጀመሪያው ቀን በሀፍረት ያልተነሣው ጥያቄ ያን ጊዜ ይነሣል።

የዚህ ድካም ጥቅም በሒሳብም ይታያል። የፕሮጀክተር አምፖል 3,000 ሰዓት የሚያገለግል ነው እንበል። በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 200 የትምህርት ቀን ቢበራ በዓመት 800 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ ከ3 ዓመት ተኩል በላይ ይቆያል ማለት ነው። ነገር ግን የአየር ማጣሪያው አቧራ ሲሞላ የሚጠርገው ካልተገኘ፣ ወይም መሣሪያው ሳይቀዘቅዝ ሶኬቱ ከተነቀለ፣ የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል። ይህን ለመምህሩ ማሳየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳያሳዩ መቅረት ግን ለገዢው ኪሳራ፣ ለሻጩም መጥፎ ስም ነው።

ስለዚህ አስመጪው ዋጋ ሲያቀርብ የሥልጠናውን፣ የመለዋወጫውንና የጥገናውን ወጪ ለየብቻው ቢያሰፍር፣ ገዢው የሚከፍልበትን አውቆ ይከፍላል። የአጠቃቀም መመሪያውም መምህሩ በሚገባው ቋንቋ በአጭሩ ተጽፎ ከዕቃው ጋር ቢሰጥ ይበጃል። በክፍለ ሀገር ያለው ባለሱቅ በበኩሉ አምፖል፣ ገመድና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመጣጠኛ በሱቁ ቢያኖር፣ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ገመድ ሲል ወደ አዲስ አበባ ሰው ከመላክ ይድናል።

በመጋዘን ተቆልፎበት አቧራ የሚጠጣ መሣሪያ ሁለተኛ ትእዛዝ አያመጣም። መምህሩ ዕለት ዕለት የሚሠራበት ግን ለሻጩ የማይከፈልበት ማስታወቂያ ነው፤ ነገ በሱቁ፣ በመጋዘኑና በላኪው ቢሮ ተቀጥሮ ሒሳብ የሚይዘውም ዛሬ በዚያ ክፍል የተቀመጠው ተማሪ ነው።