አዲሱ የፓይተን እትም፦ ምን ይዞ መጣ? ከመለወጥ በፊትስ ምን ይታሰብ?



ልጆቻችን በትምህርት ቤትም ሆነ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጡ ኮርሶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ይማራሉ። ቤት ሲመለሱም «ፓይቶን» የሚል ቃል ደጋግመው ያነሣሉ። ከወላጆችም መካከል ሙያ ለመለወጥ ይህንኑ ትምህርት የጀመሩ አሉ። በአማርኛ ፓይተን ብለን የምንጽፈው ይህ የፕሮግራም ቋንቋ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር አዲስ እትም ይወጣለታል። እትም በዕብራይስጥ «ጊርሳ» ይባላል፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወር ደግሞ «ሺድሩግ» ነው።

አዲስ እትም በተጫነ ማግስት ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ይጨነቃል። ኮምፒዩተሩ ተበላሸ? ልጁ አጠፋ? ሌላ ኮምፒዩተር መግዛት ሊያስፈልግ ነው? ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ነገሩን ለመረዳት እትም ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥ ማወቅ ይበቃል።

የፕሮግራም ቋንቋ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምፒዩተር አማርኛም ዕብራይስጥም አያውቅም። ሰው የሚፈልገውን ሥራ በተወሰኑ ቃላትና በጥብቅ ደንብ ጽፎ ይሰጠዋል። ያ ደንብ የፕሮግራም ቋንቋ ይባላል፤ በዕብራይስጥ «ስፋት ቲኽኑት» ነው። የተጻፈውን እያነበበ ለኮምፒዩተሩ የሚያስረዳ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ አለ፤ እርሱን አስተርጓሚ እንበለው። ፓይተንን ወደ አዲስ እትም አሳደግን ስንል አስተርጓሚውን ለወጥን ማለታችን ነው። አዲሱ አስተርጓሚ ቀድሞ ያልነበሩ ቃላትን ያውቃል፤ ከድሮዎቹ ጥቂቶቹን ግን አይቀበልም። ልጁ የጻፈው አንድም ፊደል ሳይለወጥ ሥራው የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓይተንን የጀመረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ነው። ሥራውን በ1989 መጨረሻ በአምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒዩተር ምርምር ተቋም ውስጥ ሆኖ ጀመረ፤ በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ብዙዎች ስሙ ከዘንዶ የመጣ ይመስላቸዋል። የተወሰደው ግን «ሞንቲ ፓይተን» ከሚባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን አስቂኝ ቡድን ነው። ቋንቋው ገንዘብ አይከፈልበትም። ማንም ሰው ከፓይተን ድርጅት የኢንተርኔት ገጽ በነፃ ወስዶ መጫን ይችላል።

ከ2 ወደ 3፦ ከ11 ዓመት በላይ የፈጀው መዛወር

አዲስ እትም ለምን እንደሚያስፈራ ለማወቅ ዲሴምበር 3 ቀን 2008 የወጣውን እትም 3.0 ማስታወስ ይበቃል። አዘጋጆቹ የድሮ ስሕተቶችን ለማረም ሲሉ ሆን ብለው ከእትም 2 ጋር የማይስማማ አድርገው አወጡት። የእትም 2.7 ድጋፍ በ2015 ያበቃል ተብሎ ነበር። ሆኖም ብዙ ድርጅቶች ገና ስላልተዛወሩ በ2014 ቀኑ ወደ 2020 ተራዘመ። ድጋፉ የቆመው ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው።

ያ ለውጥ እኛን አማርኛና ዕብራይስጥ የምንጽፈውን ሰዎች በቀጥታ ይመለከት ነበር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በ1990ዎቹ የአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቁጥር አሰጣጥ ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠ። የግዕዝ ፊደልም በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ።

ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የዕብራይስጥ ፊደል 2 ቦታ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ቦታ ይይዛል። እትም 2 የተለየ ምልክት ካልተደረገለት በቀር ፊደሉን ሳይሆን ቦታውን ይቆጥር ነበር። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ተብሎ ሲጠየቅ 9 ይላል። በዕብራይስጥ በ4 ፊደል የሚጻፈውን «ሻሎም»ን ደግሞ 8 ይለዋል። እትም 3 ግን እንደ ሰው ቆጥሮ 3 እና 4 ብሎ ይመልሳል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ የምዝገባ ፕሮግራም ለስም 10 ቦታ ብቻ ሰጠ እንበል። «ወርቅነህ» የሚለው ስም 5 ፊደል ስለሆነ 15 ቦታ ይፈልጋል። «ወርቅ» 9ኙን ቦታ ይይዛል፤ «ነ» ከሚያስፈልገው 3 ቦታ አንዱን ብቻ አግኝቶ ተቆርጦ ይቀራል፤ «ህ» ጨርሶ አይገባም። ሰውየው ስሙ በወረቀት ላይ ተበላሽቶ ያገኘዋል። እትም 3 የፊደልን ነገር በማስተካከሉ እንዲህ ያለው ስሕተት በእጅጉ ቀንሷል። እንዲያውም በእትም 3 ውስጥ «ዋጋ» ወይም «ድምር» የሚል ስም በአማርኛ ፊደል ጽፎ በሒሳብ ሥራ ላይ ማዋል ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ በማካፈል ላይ ነበር። ተማሪ በሁለት ፈተና 85 እና 90 ቢያገኝ ድምሩ 175 ነው። ይህ ለ2 ሲካፈል እትም 2 ግማሹን ጥሎ 87 ይላል፤ እትም 3 ግን 87.5 ይላል። አዲሱ መልስ ትክክል ነው። ነገር ግን ሙሉ ቁጥር ብቻ ይመጣል ብሎ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ይህን ግማሽ ሲቀበል ሊሳሳት ይችላል፤ ማስጠንቀቂያም ላይታይ ይችላል። ሥራውን አቁሞ በቀይ ጽሑፍ የሚጮኽ ፕሮግራም ቢያንስ ስሕተት መኖሩን ይናገራል። ይበልጥ የሚያሠጋው ዝም ብሎ የተለየ ቁጥር የሚሰጠው ነው።

እትም 3.14 ምን አመጣ?

እትም 3.14 የወጣው ኦክቶበር 7 ቀን 2025 ነው። ከ2 ወደ 3 እንደተደረገው ያለ ትልቅ መፍረስ የለበትም። ዋና ዋና አዳዲስ ነገሮቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ለጀማሪ የሚረዳ እርማት። ተማሪው ከቋንቋው ቁልፍ ቃላት አንዱን ፊደል አሳስቶ ቢጽፍ አስተርጓሚው «ይህን ማለትህ ነው?» ብሎ ትክክለኛውን ቃል ያሳያል። ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮትም ቃላቱን በየዓይነታቸው ቀለም ይቀባቸዋል። እንግሊዝኛው ገና ለሚከብደው ልጅ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

2. ሥራን በአንድ ጊዜ መከፋፈል። የዛሬ ኮምፒዩተሮች በውስጣቸው ብዙ የማስሊያ ክፍሎች አሏቸው። ፓይተን ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ የጋራ ቁልፍ ስለነበረው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሥራው ቢከፋፈልም ቁልፉን የያዘው አንዱ ብቻ ይሠራል። አራት ምጣድ ተጥዶ አንዲት ሴት ብቻ እንድትጋግር እንደሚፈቀድበት ቤት ማለት ነው። በ2024 በወጣው 3.13 ቁልፉ የሌለው ዓይነት ለሙከራ ቀረበ። በ3.14 ደግሞ በይፋ ድጋፍ አገኘ። ሆኖም እርሱን የሚፈልግ ሰው ለይቶ መጫን አለበት፤ በተለመደው አጫጫን የሚገባው አሁንም ባለ ቁልፉ ነው። ቁልፍ የሌለው ዓይነት ሥራው ያልተከፋፈለን ፕሮግራም ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ያዘገየዋል።

3. ቅጹንና የተሞላውን መለየት። ብዙ ፕሮግራሞች ሰው የጻፈውን ስም ወይም አድራሻ ከራሳቸው ጽሑፍ ጋር ይቀላቅላሉ። ክፉ ሰው በስም ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ እንደ ትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል። በ3.14 የገባው አዲስ የጽሑፍ ዓይነት ቅጹን ለብቻ፣ ሰው የሞላውን ለብቻ ይዞ ያቀርባል። ፕሮግራም ጸሐፊውም ሁለቱን ከማገናኘቱ በፊት የመመርመር ዕድል ያገኛል።

ሥጋቱ የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ፓይተን ብቻውን አይሠራም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሌሎች ሰዎች ያዘጋጇቸውን የትእዛዝ ስብስቦች ይጠቀማሉ፤ እነዚህ ላይብረሪ ይባላሉ። ፓይተን አዲስ እትም ባወጣ ዕለት ላይብረሪዎቹ ሁሉ ተዘጋጅተው አይጠብቁም። አንዳንዶቹ ሳምንታት፣ ሌሎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል። ልጅዎ አዲሱን እትም በመጀመሪያው ሳምንት ጭኖ የለመደው ላይብረሪ አልገባም ቢለው የልጁ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚወገዱ ነገሮች አሉ። በ2023 በወጣው 3.12 ላይብረሪዎችን ለማዘጋጀት ለብዙ ዓመት ያገለገለ አንድ የቆየ ክፍል ተወገደ። በ3.13 ደግሞ 19 ያረጁ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ወጡ። ከድሮ መጽሐፍ የተቀዳ መልመጃ በአዲሱ እትም ላይ አልሠራ ቢል አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቁልፍ የሌለውን ዓይነት የሚመርጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው። ያልተዘጋጀ ላይብረሪ ሲጠራ አስተርጓሚው ቁልፉን መልሶ ሊያስገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የታሰበው ጥቅም ይቀራል።

ታዲያ በአሮጌው መቆየት አይሻልም? ለጊዜው እንጂ ለዘለዓለም አይሻልም። እያንዳንዱ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ5 ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ ቢገኝበት እንኳ አዘጋጆቹ አይደፍኑትም። የ3.9 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ 3.14 እስከ ኦክቶበር 2030 ድረስ ይደገፋል።

ለተማሪዎችና ለወላጆች፦ በቅደም ተከተል ምን ይደረግ?

ሀ. መጀመሪያ ቁጥሩን ይወቁ። ፓይተን ሲከፈት የእትሙ ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ላይ ይታያል። አነባበቡ እንደ ሒሳብ ነጥብ አይደለም፤ 3.9 «ሦስት ነጥብ ዘጠኝ»፣ 3.14 ደግሞ «ሦስት ነጥብ ዐሥራ አራት» ነው። ስለዚህ አዲሱ 3.14 ነው።

ለ. ተማሪ ከሆነ በክፍል የሚሠራበትን እትም ይያዝ። መልመጃውና ፈተናው በ3.11 ከሆነ ቤት ውስጥ 3.14 መጫን ግድ አይደለም። መምህሩን በዕብራይስጥ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፦ «ቤኤይዞ ጊርሳት ፓይቶን ሎምዲም ባኪታ?» ትርጉሙ «በክፍል ውስጥ የምትማሩት በየትኛው የፓይተን እትም ነው?» ማለት ነው።

ሐ. አሮጌውን ሳያጠፉ አዲሱን ይጫኑ። ሁለት እትሞች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ፓይተን ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ላይብረሪ ለይቶ የሚያስቀምጥበት «ቬንቭ» የሚባል መንገድ አለው፤ ልጁ ይህን ቢማር ወደፊት ከብዙ ድካም ይድናል።

መ. የሥራውን ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከዚያም መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ጥያቄ ይሞክሩት። 85 እና 90 ሰጥቶ 87.5 መምጣቱን እንደማየት ነው። የስም መዝገብ ከሆነ አንድ የአማርኛና አንድ የዕብራይስጥ ስም ጽፈው ሳይቆረጡ መውጣታቸውን ይዩ።

ሠ. ማስጠንቀቂያን አይለፉ። በደንቡ መሠረት ሊወገድ የታሰበ ነገር ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለሁለት እትሞች አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጥበታል። ፕሮግራሙ ቢሠራም የሚታየውን ጽሑፍ ማንበብ የሚቀጥለውን ዓመት ችግር ያስቀራል።

ረ. የኮምፒዩተሩን ዕድሜ ይመልከቱ። 3.14 በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ይሠራል። ዊንዶውስ 8.1 ላለው እስከ 3.12፣ ዊንዶውስ 7 ላለው እስከ 3.8 ያሉት ይሆናሉ። የ3.8 ድጋፍ ያበቃ ቢሆንም ጀማሪ ቤት ውስጥ መልመጃ ሊሠራበት ይችላል፤ ለልምምድ ብቻ ተብሎ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አያስፈልግም።

ሰ. ፓይተንን ለመጫን ወይም ወደ አዲሱ እትም ለማሳደግ ለፈቃድ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ክፈሉ የሚል ቢመጣ ከመክፈል በፊት መምህሩን ወይም የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

ወላጅ ፕሮግራም መጻፍ ባይችልም ልጁን መርዳት ይችላል። ሥራው እምቢ ያለ ዕለት ከቁጣ በፊት «እትሙ ተለውጦ ነበር? የሥራህ ቅጂ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እትሙ ተለውጦ ከሆነና አሮጌው ካልጠፋ ወደ እርሱ ተመልሶ የቤት ሥራውን መጨረስ፣ አዲሱን ደግሞ ጊዜ ሲገኝ በእርጋታ መሞከር ይቻላል።