ተከዜ የከበባቸው ደሴቶች

ከሰቆጣ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ከደጋ ተነሥቶ ቆላ ይገባል። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ወጥቶ፣ በዝቋላ ወረዳ በኩል አድርጎ ተከዜ ዳር ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ያሽቆለቁላል። ጋቢው ይከብደዋል፤ በገብስ ማሳ ፈንታ ማሽላ፣ ግራርና የበረሃ ፍየል ያያል። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ከቀጠለ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው ራስ ዳሽን ይጠብቀዋል። ከሰቆጣ በስተደቡብ፣ ላስታ ላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል።

በሁለቱ ጫፎች መካከል በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ብርድ ለለመደ ፍጥረት ግን መካከሉ ባሕር ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ከፍታዎች የሰማይ ደሴቶች ይሏቸዋል።

እንደ ሃዋይ ሁሉ እነዚህም የእሳተ ገሞራ ውጤቶች ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቀት የወጣ ቅልጥ አለት በረጃጅም ስንጥቆች እየፈሰሰ አገሩን አለበሰው፤ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገደል በተናደበት ሁሉ ንብርብሩ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። በዚህ ወለል ላይ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች በቀሉ፦ ስሜን ከ30፣ ጮቄ ከ22፣ ጉና ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት።

ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። በሃዋይ የውቅያኖሱ ወለል በአንድ ትኩስ ስፍራ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚያልፍ ደሴቶቹ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል፤ ካዋይ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆናት ትልቋ ደሴት ዛሬም እሳት ትተፋለች። በእኛ አገር ግን በስሜንና በጮቄ መካከል ያለው ጉና ከሁለቱም ያነሰ ዕድሜ አለው። ሰልፍ የለም። ደሴቶቹን የለያያቸውም ባሕር ሳይሆን ምድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዞች፣ በተለይም ተከዜና ገባሮቹ፣ የቆፈሩት ሸለቆ ነው።

መለያየት የራሱን ፍጥረት ያፈራል። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም።

መለያየት ያጠፋልም። በበረዶው ዘመን ስሜን ላይ ግግር በረዶ ነበር፤ ብርዱም ወደ ታች ስለወረደ ደሴቶቹ ሰፊ ነበሩ። አየሩ ሲሞቅ የጅብራና የጓሳው አገር ወደ ጫፍ ሸሸ፤ በጓሳው መካከል አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ሕይወት ሊቃውንቱ ማክአርተርና ዊልሰን ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ደሴት ባነሰና በራቀ ቁጥር የሚያኖረው የዝርያ ብዛት ይቀንሳል። ጮቄ ላይ ይህ ታይቷል፤ ቀይ ቀበሮ ከዚያ ጠፍቷል፤ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካው አልተገኘም።

አቡነ ዮሴፍ ላይ ግን ጥቂት ቀበሮዎች አሁንም አሉ። በአገሪቱ በሙሉ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያንሳሉ። እርሻው ዳገቱን እየተከተለ ወደ ጓሳው ሲወጣ ውሻም አብሮ ይወጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንድን ትንሽ መንጋ በአንድ ክረምት ሊጨርስ ይችላል። ባሌ ላይ ሲደረግ እንደቆየው የየመንደሩን ውሾች መከተብ ለላስታ ቀበሮዎች ከማንኛውም አጥር ይበልጥ ይበጃቸዋል።