ጓሮና ጫካ፦ የጌዴኦ ተራራ ማንን ይመግባል?

እንሰቱን ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም ነው። አንድ ቀን ግን ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ ባለቤቷ በእጇ ገፋ ስታደርገው ዓመታት የለፋችበት ተክል ግንድስ ይላል። ሥሩ ሲታይ አሚቾው ከውስጥ ተበልቷል። የፍልፈል ሥራ ነው። ሌላ ሌሊት ጃርት ይመጣል፣ ሌላ ሌሊት ከርከሮ። በጌዴኦ አንድ የደረሰ እንሰት ማለት ለሳምንታት የሚበላ ቆጮ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ቡላ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው። ስለዚህ የዱር እንስሳ ይጠበቅ የሚል ሰው አስቀድሞ ለዚህች ሴት መልስ ሊኖረው ይገባል።

ከዲላም፣ ከሐዋሳም፣ ከአዲስ አበባም የሚነሡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደነዚህ ተራሮች መጠይቅና ማስታወሻ ይዘው ሲወጡ ቆይተዋል። አንዱ ጦጣ ይቆጥራል፤ ሌላዋ የሕፃናትን ክንድ ትለካለች። ሁለቱም የሚያንኳኩት የዚያኑ ገበሬ በር ነው። ጥያቄያቸው ግን አልተገናኘም። ተራራው ለአውሬውም ለሕፃኑም ሊበቃ የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ሳይቋጭ የከረመውም በከፊል በዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ጉባኤ፣ ሁለት ቅርስ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ ሁለት የኢትዮጵያ ስፍራዎች ተመዘገቡ፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር። ባሌ ለቀይ ቀበሮና ለደጋ አጋዘን ሲባል የተከለለ ምድር ነው። ጌዴኦ ደግሞ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ቡናውን ለቅሞ የሚሸጥበት ተዳፋት ነው። አንደኛው ተራራን በመከለል፣ ሁለተኛው አብሮ በመኖር የመጠበቅን መንገድ ያሳያል።

ጌዴኦ ምን ያህል ሰው የሚኖርበት ምድር እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ዞኑ 847,434 ሰው ነበረው፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተራራው ራቁቱን ቀርቶ፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ይገኛል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። ከዲላ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው የሚያየው ግን ጫካ የሚመስል ጓሮ ነው። ከላይ ነባር የአገር ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ወደ መሬት ጠጋ ብሎ ጎመን፣ ቦይና፣ ባቄላ ይታያል። ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያለብሳል፤ የእንሰቱ ሥር ውኃ ይይዛል። የሶንጎ፣ ማለትም የባህላዊው ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡባቸውና ባህሉ የሚያከብራቸው ዛፎችም ከመጥረቢያ ተርፈው ቆይተዋል።

ይህን ሥርዓት ለዓለም ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ የድኅረ ምረቃ ጥናት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፍ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም ከሥር ከመሠረቱ የመረመረ ነበር። ርዕሱ አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ ዘላቂነት ስለመኖሩ የሚጠይቅ ነው፤ የጥያቄ ምልክቱም ርዕሱ ላይ አለ። ተማሪ የገበሬን ዕውቀት ከልቡ ሲያጠና የት ድረስ እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የጃምጃም ጦጣ

ጀርመናዊው ተጓዥ ኦስካር ኑይማን እ.ኤ.አ. በ1902 ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ካለው ደጋ ያገኘውን ጦጣ ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ በአካባቢው ስም ጃምጃም ብሎ ሰየመው። ዛሬ የባሌ ጦጣ የምንለው ይኸው እንስሳ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ በዓለም አቀፉ መዝገብም ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር ተጽፏል።

ስለዚህ ጦጣ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድካም ነው። አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በባሌ ኦዶቡሉ ጫካ ጦጣውን እየተከተሉ ምን እንደሚበላ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከምግቡ 76.7 በመቶው ቀርከሃ፣ ያውም በአብዛኛው ለጋ ቅጠል መሆኑን አሳዩ። አንድ ተክል ላይ እንዲህ የተንጠለጠለ ጦጣ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ጫካው ተቆራርጦ በእርሻ መሃል በቀረባቸው ቦታዎች የተደረገው ቀጣይ ጥናት ሌላ ነገር ገለጠ፦ ቀርከሃው ሲጠፋ ጦጣው ሌሎች ተክሎችን ይለምዳል፣ ወደ ማሳም ይገባል። ገበሬው ሌባ የሚለው ጦጣ እንግዲህ ማዕዱ የተወሰደበት እንስሳ ነው። ይህን ማወቅ ጠቡን አያበርደውም፤ መፍትሔው ከየት እንደሚጀመር ግን ይጠቁማል። ቀርከሃ ለጦጣው ምግብ ነው፤ ለሰውም የቤት ግድግዳ፣ አጥርና ቅርጫት ነው። መልሶ ቢተከል ሁለቱንም ይጠቅማል።

ከሞላ ጓሮ የጎደለ ገበታ

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው መመኪያ ነው። ድርቅን ይችላል፤ ሲያስፈልግ ይቆረጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ለወራት ይቆያል። በኃይል ሰጪነቱ የሚታማ አይደለም። ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ቫይታሚን ኤም የለውም ማለት ይቻላል። በጎረቤት ሲዳማ፣ ተመሳሳይ ገበታ ባላቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዚንክ እጥረትን አሳይተዋል። ሆድ ሞልቶ ሰውነት የሚራበው እንዲህ ነው።

በአገር ደረጃ ያለው ሥዕል ከዚህ የራቀ አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 ወረዱ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ያው የ2016 ጥናት ግን ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉ ሕፃናት በቂ የምግብ ስብጥር የሚያገኙት ከመቶ 14 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጌዴኦ ላይ ይህ ይበልጥ ያስቆጫል። ስብጥሩ ከደጅ አለ፤ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ ዱባው፣ አቮካዶው ይታያል። ከጓሮው እስከ ሕፃኑ አፍ ያለው መንገድ ነው የረዘመው። የሚሸጠው ለገበያ ይወጣል፤ እናት ከቡና ለቀማና ከእንሰት ፍቀት የተረፈ ጊዜ የላትም፤ ለሕፃን የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ አዋቂው የሚበላው ቆጮ ነው።

ትምህርት ይህን መንገድ ሊያሳጥር እንደሚችል ማስረጃ አለ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው ሥራ፣ ጥራጥሬ ከሕፃናት ምግብ ጋር መቀላቀልን ለወራት የተማሩ እናቶች በዕውቀትም በአመጋገብ ልምድም ተሻሽለው ታይተዋል። ለዚህ በሰሌዳ ላይ የተሣለ የምግብ ፒራሚድ አያስፈልግም። ባቄላውን ማን ይዝራው፣ መቼ ይነከር፣ እንዴት ይፈጭ፣ ስንት ማንኪያ ይጨመር የሚለውን ድስት አጠገብ ሆኖ ማሳየት ይበቃል።

ጓሮው ሲጠፋ ምን እንደሚከተልም አካባቢው አይቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። እህል በከረጢት ይሸከሙታል፤ የቆመ እንሰት ግን ተሸክመውት አይሄዱም። በተከተሉት ወራት በመጠለያዎች የታየው የሕፃናት ክሳት፣ የጌዴኦ ምግብ ዋስትና ከተተከለበት አፈር ጋር የተቆራኘ መሆኑን በመራራ መንገድ አስተምሯል።

ሁለቱ ጥናቶች ሲገናኙ

ፍልፈሉ የበላው እንሰት የእንስሳት ሥነ ምህዳር ጉዳይ ነው፤ በዚያው እንሰት ምትክ ባዶ የቀረው ሳህን የሥነ ምግብ ጉዳይ ነው። ገበሬዋ ዘንድ ግን ሁለቱ አንድ ኪሳራ ናቸው። ጥናቶቹ በየትምህርት ክፍላቸው ሲቀሩ አንዱ የጦጣውን ቁጥር ጽፎ ያበቃል፣ ሌላው የሕፃኑን ክብደት። ስንት እንሰት ለአውሬ እንደሚሄድ፣ ያ ኪሳራ በየትኛው ወር እንደሚከብድ፣ በዚያ ወር ሕፃኑ ምን እንደሚበላ በአንድ ላይ የሚጠይቅ ጥናት ግን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የሚጨበጥ ነገር ይሰጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ መረጃውን የሰጠችው እናት ጌዴኡፋ ትናገራለች። የዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ማስተማርና ማዳን የተነሣበት መሠረት ነውና ጥናትን ወደ መንደር መመለስ ለእርሱ እንግዳ ሥራ አይደለም። ተማሪው በመርማሪዎች ፊት ቆሞ ጽሑፉን እንደሚከላከል ሁሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ በሶንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያገኘውን በጌዴኡፋ ቢናገር፣ ሽማግሌዎችና እናቶችም ቢጠይቁት ጥናቱ ይበልጥ ይጠነክራል። የትኛው ግምቱ ስህተት እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

እንሰቷ የተገነደሰባት ሴት የዚያን ዕለት ሥራ አትፈታም። ከተረፈው አሚቾ የሚበላውን ለይታ ትቀቅላለች፤ ችግኝም ከጓሮው ጥግ አምጥታ ጉድጓዱ ላይ ትተክላለች። ያ ችግኝ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ተማሪ መጠይቅ ይዞ በደጇ ያልፋል። ከእነርሱ መካከል ፍልፈሉን እንዴት እንደምትከላከል፣ ከእንሰቱ ሥር ምን ዘርታ ልጇን እንደምታጠግብ ሊነግራት ተመልሶ የሚመጣ አንድ ሰው ይገባታል።