መሰናክል ይሮጣል እንጂ አይዘለልም

ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ፣ በ3000 ሜትር መሰናክል የፍጻሜ ውድድር የመጨረሻ ዙር፣ ኢትዮጵያዊው ለሜቻ ግርማ በመሰናክሉ ተጠልፎ ወደቀ። ከሜዳው የወጣው በቃሬዛ ነበር። ከዓመት በፊት እዚያው ፓሪስ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ልጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ደግሞ ወርቁ ያመለጠው በሰከንድ አንድ መቶኛ ነበር።

ማንም ይወድቃል፤ በአንድ ቀን ውድቀት አልፈርድም። የሚያንገበግበኝ የቆየው ነገር ነው። እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. ከሞስኮ ነሐስ ካመጣ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል፤ በወንዶች ግን የዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቅ እስከ ፓሪስ ድረስ አልመጣም። ትንፋሽ አጥሮን አይመስለኝም። ርቀቱ 28 ጊዜ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያሳልፋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢባክን 3.5 ሰከንድ ነው። መሰናክል የማለፍ ዘዴው በልጅነት ካልተያዘ ይህን የሚመልስ ሳንባ የለም።

መሰናክል በእኛ አካባቢ ልጆችም እንደሚቻል ጎረቤቶቻችን አሳይተውናል። ዩጋንዳዊው ጆን አኪ ቡዋ በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ 400 ሜትር መሰናክልን በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ኬንያዊው ኒኮላስ ቤት በ2007 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ልምምዱን በየመንደሩ መጀመር ይቻላል። ለምሳሌ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችው መሸንቲ ባሕር ዛፍ የሞላበት አገር ናት። ለጀማሪ ቀጭን አጣና በሁለት ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ቦታው ሣር ይሁን፣ ከፍታው ከጉልበት በታች። አጣናው ግን አይታሰር፤ ሲነካ መውደቅ አለበት። ጉልበቱን አንዴ የተመታ ልጅ ፍርሃቱ ቶሎ አይለቀውም።

ያልተማረ ልጅ መሰናክል ፊት ሲደርስ ይገታል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይዘላል። አየር ላይ የቆየባት ጊዜ ሁሉ የባከነች ፍጥነት ናት። ስለዚህ ራቅ ብሎ ይነሳ፤ ያደገ የአጭር ርቀት መሰናክል ሯጭ ወደ 2 ሜትር ገደማ ርቆ ይነሳል፣ የሚያርፈው ግን ቀረብ ብሎ ነው። ከመሪው እግር አስቀድሞ ጉልበት ይምጣ፤ ደረት ወደ ፊት ያዘንብል፤ የተቃራኒው ወገን እጅ አብሮ ይዘርጋ። ከባዱ ተከታዩ እግር ነው፦ ጉልበቱ ወደ ጎን ተከፍቶ፣ በብብት ሥር ዞሮ ወደ ፊት ይገባል። ይህን መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከአጣናው ጎን እየሄዱ መለማመድ ነው። ቁመቱ የሚጨምረው ሩጫው ሳይቋረጥ ማለፍ ሲቻል ብቻ ነው።

የወንዶች 3000 ሜትር መሰናክል ከፍታው 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቢመቱትም አይወድቅም። በግፊያው መሃል ሯጩ በየትኛው እግሩ እንደሚደርስ አይመርጥም። የመሸንቲው ልጅ በቀኙ ሲለምደው አጣናውን ሳታነሡ በግራውም አስጀምሩት።